የጊንጪው ጥሩንባ ነፊ

ጊንጪ ውስጥ ዲንሳን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ማንም ያልሞተበት ሰው መሆን አለበት። ጎህ ሲቀድ ያ ረጅም ጥሩንባ ከገበያው ዳር ሲጮህ፣ ከመኪናው መንገድ በላይም በታችም ያለው ሁሉ አልጋው ላይ እንዳለ ትንፋሹን ይይዛል። ከጥሩንባው ቀጥሎ የዲንሳ ድምፅ ይመጣል። አስቀድሞ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በኦሮምኛ፣ የእገሌ አባት አርፈዋልና እድርተኛ ቀብር ውጣ ይላል። ይሄኔ ነው ሰው የያዘውን ትንፋሽ የሚለቀው። የእኔ አይደለም፣ ተመስገን፣ ይላል፤ "ወይኔ፣ እኚያን የመሰሉ ደግ ሰው!" የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ምን ይደረግ፣ የሰው ነገር ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

ዲንሳ የጊንጪ ተወላጅ አልነበረም። ከሸነን በኩል ነው የመጣው፤ ጣሊያን በወጣ ማግስት፣ ጭሰኛ ከነበረው አባቱ ጋር፣ የቀን ሥራ ፍለጋ። አባትየው እህል በረንዳ ጆንያ ሲሸከም ከርሞ፣ የመጀመሪያው ክረምት ላይ ሳንባው ታሞ ተኛ፤ በዚያው ቀረ። መጤ ነው፣ እድር የለው፣ ዘመድ የለው። ዲንሳ ከእህል በረንዳው ሁለት ተሸካሚዎች ለምኖ፣ አባቱን በሰሌን ጠቅልሎ ይዞ ወጣ። ዝናብ ነበር። መንገደኛው ባርኔጣውን አውልቆ ጥግ ይይዛል፣ ሬሳው ሲያልፍ ባርኔጣውን መልሶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። የተከተለ የለም፤ ያለቀሰም የለም። ካህኑ ፍትሐቱን በጥድፊያ አድርሰው ተመለሱ፤ ተሸካሚዎቹም የሚጫን መኪና እንዳያመልጣቸው ሮጡ። አፈሩን የመለሰው ዲንሳ ብቻውን ነው። ኋላ ላይ፣ ትንሽ ጠጅ ሲቀምስ ብቻ፣ አባቴን እንደ ሌባ ነው የቀበርኩት ይል ነበር። ሳይቀምስ ግን አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም።

የከተማው እድር ሲቋቋም ጥሩንባውን ማን ይንፋ ተባለ። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ በጭቃ መዞር ማን ይወዳል! ከኋላ ቆሞ የነበረው ዲንሳ እጁን አወጣ። ይሄ ደግሞ ማነው ብለው ሳቁበት፤ እሱ ግን አልሰማቸውም። ከእንግዲህ በዚህች ከተማ እንደ አባቱ የሚቀበር ሰው አይኖርም ብሎ ቆርጦ ነበር። እውነትም ሆነለት። ጆንያ ተሸካሚ የነበረው ሰው "ዲንሳ ጥሩንባ" ተባለ፤ ሠርግ ላይ ቦታ ይለቀቅለት ጀመር፤ ከነጋዴው እኩል ይቀዳለታል። ሚስትም ያገኘው በዚሁ ስም ነው።

አሰፋሽ ከወንዙ ማዶ፣ ከጭልሞ ደን ግርጌ ካለው መንደር፣ የአዴ ጉዴ ልጅ ናት። አዴ ጉዴ አማቻቸው ሲገባ በደንቡ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አድርገው ቦታ የሚለቁ፣ ግን ከጓዳ ለእሱ የማይሰስቱት ነገር ያልነበራቸው ሴት ናቸው። የሚኖሩት ከወንድ ልጃቸው ከሞቱማ ጋር ነበር። ሞቱማ የደን ዘበኛ ነው፤ ለጣውላ መሰንጠቂያው ባለቤት ጭልሞን ይጠብቃል። ከዲንሳ ጋር አማችና አማች ብቻ አልነበሩም፤ ከአንድ ገበታ የሚበሉ፣ ተሳስቀው የማይጠግቡ ወዳጆች ነበሩ። ለዲንሳና ለአሰፋሽ ልጅ እግዜር ስላልሰጣቸው፣ የሞቱማ ልጆች ቤታቸውን እንደ ቤታቸው ይገቡበታል።

ነገሩ የመጣው በ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. ነው፤ የመጣውም ከክፋት አይደለም። የሚያናድደውም ይኸው ነው። ከተማው ትምህርት ቤት ፈለገ። ልጆች ፊደል ቆጥረው ከዚያ በላይ ለመማር ዘመድ ፍለጋ አምቦ ድረስ ይላካሉ፤ ዘመድ የሌለው ይቀራል። አቤት ተብሎ፣ ደጅ ተጠንቶ መልስ ሲጠፋ፣ እድሩ ተሰብስቦ እኛው እንሥራው አለ። ሴቶቹ ድንጋይና ውኃ ተሸከሙ፣ ወንዶቹ ጭቃ ረገጡ፣ አናጢው ጉርሙ ሥራውን በነፃ ያዘ። ዲንሳ ጥሩንባውን ለሞት ብቻ ሳይሆን ለሥራም ይነፋ ጀመር፤ ያኔ የነበረውን ደስታ ያየ ሰው አይረሳውም። የጎደለው እንጨት ብቻ ነበር። የመሰንጠቂያው ባለቤት ተለመነ፣ እምቢ አለ። እምቢ ካለ እንግዲህ አባቶቻችን ማገዶ የለቀሙበት ደን ነው ብለው፣ ጉርሙና ሌሎች ሦስት ሰዎች መጥረቢያቸውን ይዘው ገቡ።

ሞቱማ ያውቅ ነበር። አውቆም እንዳላወቀ ሆኖ ነው የከረመው፤ እነሱ በዚህ ሲገቡ እሱ በዚያ ይዞራል፤ ከሩቅ ይስልላቸዋል፣ ተደበቁ ለማለት። አንድ ቀን ግን ባለቤቱ ሳይታሰብ በመኪናው መጣና ሞቱማን አስከትሎ ወደ ደኑ ዘለቀ። ሳሉም አልረዳ፤ ጉርሙ የጣለው ዝግባ ላይ ቆሞ ሲመለምል ፊት ለፊት ተያዩ። ባለቤቱ ወደ ሞቱማ ዞሮ እነዚህ እነማን ናቸው አለው። ሞቱማ ተናገረ። አራቱ ሰዎች ለመኸር በተነሱበት ኅዳር ወደ አምቦ ወኅኒ ወረዱ።

እድሩ ተሰበሰበ። የእድሩ ዳኛ አቶ ወሰኑ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ትምህርት ቤቱን ከማንም በላይ የገፉት እሳቸው ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን አንዴ ያሉትን የማያጥፉ። ሞቱማ መሐል ቆሞ እንዲናገር ተፈቀደለት።

"ባለቤቱ አጠገቤ ቆሞ፣ እነሱ ፊቴ መጥረቢያ ይዘው፣ አላውቃቸውም ልበል? ከሥራዬ ብባረር እናቴንና ልጆቼን ይዤ የት ልግባ?"

አቶ ወሰኑም መለሱ። አራት ቤት በመኸር ያለ ወንድ ቀረ አሉ። ሁላችንም የምንበላው አለን፤ ሁላችንም የምንፈራው አለን፤ ግን አንድ ሰው እንጀራዬ ብሎ የሰፈሩን ልጆች ትምህርት ቤት ከሸጠ፣ ነገ ማን ለማን ይቆማል አሉ። እንግዲህ ከሁለቱ ማን ተሳሳተ? ዲንሳ ይህን ዕድሜ ልኩን አብሰልስሎት መልስ አላገኘለትም። ያን ቀን ግን ለማሰብ ጊዜ አልተሰጠውም። ሞቱማ ከእድር ወጥቷል፤ ጥሩንባ አይነፋለትም፣ ድንኳን አይተከልለትም፣ ቃሬዛ አይወጣለትም፤ እሳት ያቀበለው፣ ሬሳ አብሮት የተሸከመ፣ ዕጣው የእሱው ነው ተባለ። የተስማማ እጁን ያውጣ።

እጆች ተነሱ። ዲንሳ ዙሪያውን አየ። በሰሌን የተጠቀለለው አባቱ ታየው፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው የሚያልፉት መንገደኞች ታዩት። እጁን አወጣ። ሞቱማ ከሁሉ ለይቶ እሱን ብቻ ነበር የሚያየው።

እድሩ ያጸደቀው ነገር በጥሩንባ ይለፈፋል። በማግስቱ ዲንሳ የወዳጁን መባረር በአማርኛም በኦሮምኛም እያወጀ ከተማውን ዞረ፤ መንገዱ በራሱ አጥር ሥር ያልፋል። አሰፋሽ ግቢ ውስጥ ስጥ እያሰጣች ነበር። ድምፁን ስትሰማ እጇ ቆመ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ስጧን መበተን ቀጠለች። ቤት ሲገባ ምሳ አቀረበችለት፣ አብራው ግን አልበላችም።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ አዴ ጉዴ ታመሙ። አሰፋሽ የዋለችው እዚያ ነው፤ ማንም አልከለከላት፣ ሴት ልጅ እናቷን አትጠይቅ የሚል ደንብ አልወጣም። ዲንሳ ግን ወንዙን መሻገር ፈራ። አሰፋሽ ማታ ማታ ፊቷ ጠቁሮ ትመለሳለች። አንድ ቀን ነጠላዋን ሳታወልቅ ፊቱ ቆመች።

"እናቴ የሞተች ቀን ትነፋለህ ወይስ አትነፋም?"

ዲንሳ ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጥሩንባ አየ። ምን ይበል? ቢነፋ ጥሩንባው ይነጠቃል፤ ጥሩንባው ብቻ ቢሆን ጥሩ፣ ከእድር ይወጣል፤ ከእድር ከወጣ እሱም አሰፋሽም እንደ አባቱ ሊቀበሩ ነው። ባይነፋ ደግሞ እኚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ የሚስቡለት ሴትዮ እንደ አባቱ ሊቀበሩ ነው። በየትም ቢዞር የሚገባበት ጉድጓድ አንድ ነው። ሰንብቶ እንቅልፍ አጣ፣ ምግብ እንቢ አለው።

በመጨረሻ አንድ መላ መጣለት። በእድሩ ደንብ፣ አባል ቤት ያረፈ ወላጅ የአባሉ ሬሳ ነው። እንግዲያው አዴ ጉዴን በሕይወት ሳሉ ወደ እሱ ቤት ማምጣት ነው። አሰፋሽ ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈካ። ሄዳ ብትነግራቸው አዴ ጉዴ ግን አሻፈረኝ አሉ። ከልጄ ቤት ወጥቼ፣ ልጄን እንደ ውሻ ጥዬ፣ የት ነው የምሄደው አሉ። የለመናቸው ራሱ ሞቱማ ነው፤ እግራቸው ሥር ተደፍቶ።

"ማሎ፣ እናቴ፣ እዚህ ከሞትሽ ብቻዬን ነው የምሸከምሽ። ሂጂልኝ።"

አዴ ጉዴ እንግዲህ እንደ ፈለጋችሁ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

እሑድ ጠዋት ተመረጠ፤ ከተማው ሁሉ ቅዳሴ ነው፣ የሚያይ የለም ብለው። የእድሩን ቃሬዛ መንካት ስለማይቻል ከሁለት አጣና እና ከአንድ ወፍራም ጋቢ ቃሬዛ አበጁ። ዲንሳ ከፊት፣ ሞቱማ ከኋላ ሆነው ተሸከሙ፤ አሰፋሽ ከጎን የእናቷን እጅ ይዛ ትሄዳለች። የማወጁ ቀን ካለፈ ወዲህ ሁለቱ ሰዎች ሲገናኙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ዲንሳ ቀስ፣ ድንጋይ አለ፣ ከማለት አያልፍም፤ ሞቱማም እሺ ይላል። ሸክሙ እንዴት እንደሚቀል ሁለቱም ያውቃሉ፤ እርምጃቸው አንድ ሆነ።

ወንዙን ተሻግረው ዳገቱን እንደ ጀመሩ አሰፋሽ ቆመች። የእናቷን እጅ ወደ ጉንጯ አስጠጋች፣ ከዚያ ቀና ብላ አየቻቸው። አዴ ጉዴ አርፈው ነበር። ከአንዱ ልጃቸው ቤት ወጥተው፣ ሌላው ቤት ሳይደርሱ።

ቃሬዛውን መሬት አላስነኩትም። ተሸክመው እንደ ቆሙ አንገታቸውን ደፉ። ቢመለሱ የሞቱማ ሬሳ ናቸው፤ ማንም አይመጣም። ወደ ፊት ቢሄዱ የቅዳሴው ሰዓት አልቋል፤ ከተማው እየወጣ ነው። አሰፋሽ ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም፤ እንዳይሰማ ነጠላዋን ነክሳ ነበር። ለእናቷ ማልቀስን እንኳ የምትፈራ ሆነች፤ ወይ ጉድ! ዲንሳ ወደ ፊት እንሂድ አለ።

ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው የተገናኙት። ነጭ በነጭ የለበሰው ሕዝብ ከቤተ ክርስቲያን ሲወርድ፣ እነሱ ሬሳ ይዘው ሲወጡ። እዚህ አገር ሬሳ ያየ ሰው ጥያቄ የለውም፤ ሮጦ ትከሻውን ያስገባል። ያን ቀን ግን ሰው ቃሬዛውን አየ፣ የኋላውን ተሸካሚ አየ፣ ባለበት ቆመ።

ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው ወጣ። አናጢው ጉርሙ ነው፤ ከወኅኒ የወጣ ሰሞን ነው፣ ያመጣው ሳል ገና አልለቀቀውም። በሞቱማ ምክንያት የታሰረው ሰው፣ ሌላው ሁሉ ሲቆም እሱ ጋቢውን ወደ ኋላ ጥሎ ወደ ቃሬዛው ተራመደ።

"ሬሳ ነው፣ አቶ ወሰኑ። ሬሳ ነው እኮ።"

አቶ ወሰኑ እጃቸውን ዘርግተው አቆሙት። የሳቸውም ፊት ደህና አልነበረም። ሴትዮዋ ወደ ዲንሳ ቤት ሲመጡ ነው ያረፉት፣ ስለዚህ የዲንሳ ሬሳ ናቸው፣ እድሩ ይቀብራቸዋል አሉ። ግን የተባረረ ሰው ከእድር ሬሳ ሥር ትከሻውን አያስገባም፤ ደንቡን ዛሬ ለአንዱ ካላላን ነገ ደንብ የለንም አሉ። ሞቱማ ይልቀቅና ሁላችንም እንሸከማለን። አለዚያ ዲንሳም አብሮት ተሸክሟልና፣ ያው ዕጣው የእሱው ነው። ይህን ሲሉ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ዲንሳ ዞረ።

ዲንሳ ጀርባውን ለሞቱማ እንደ ሰጠ ነው የቆመው። የሞቱማን ትንፋሽ ከኋላው ይሰማዋል። አሰፋሽ በጎኑ አለች፤ ዓይኗ ፊቱ ላይ እንደሆነ ሳያያት አውቋል። ጉርሙ ትንሽ ቢገፋ ኖሮ፣ ከሕዝቡ አንድ ሌላ ሰው ቢከተለው ኖሮ፣ ዲንሳ ራሱ ዞር ብሎ አንድ ጊዜ የሞቱማን ዓይን ቢያይ ኖሮ! ዲንሳ ግን አልዞረም። ፊቱ የነበረው ያ ሁሉ ነጭ ልብስ ብቻ ነበር፤ ለአባቱ ያልወጣው ሕዝብ፣ አንድ ቃል የሚጠብቅ። ላቡ በአፍንጫው ወረደ። ሳይዞር፣ በገዛ ቋንቋቸው፣ በጣም ቀስ ብሎ ተናገረ።

"ሞቱማ፣ ልቀቅ።"

ሞቱማ ወዲያው አልለቀቀም። ቆይቶ ጎንበስ አለ፣ የያዘውን ጫፍ መሬት ላይ አኖረ፣ የእናቱን እግር በጋቢው አለባበሰና ወደ ጎን ወጣ። ሕዝቡ ግር ብሎ መጣ፤ ቃሬዛው በብዙ ትከሻ ተነሳ፤ ሴቶቹ እሪታውን አቀለጡት። ጉርሙ ሞቱማ የለቀቀውን ጫፍ ያዘ፣ እያሳለ፣ እያለቀሰ።

ዲንሳ ቤቱ ሮጦ ጥሩንባውን አመጣ፤ ነፋ። የዲንሳ አማት አርፈዋልና እድርተኛ ቀብር ውጣ አለ፣ በአማርኛ፤ በኦሮምኛም ደገመው። የሞቱማ እናት አላለም፤ እንዳይል ተነግሮት ነበር። ቀብሩ ትልቅ ቀብር ሆነ፤ ከጭልሞ ግርጌ እስከ ገበያው ያልመጣ የለም። ካህኑ አፈር የሚያለብሳቸው የበኩር ልጅ የት አለ ሲሉ ሰው መሬት መሬቱን አየ፤ ዲንሳ ቀርቦ የመጀመሪያውን አፈር ጣለ። ሞቱማ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ የግራሩ ሥር ቆሞ ነበር። ሕዝቡ ተበትኖ ድንኳን ሲገባ እሱ ወደ መቃብሩ ሄደ። አሰፋሽም ከድንኳኑ ጠፍታ አብራው ቆየች። ማታ እጇ ላይ አፈር ይዛ ተመለሰች፤ ሳትታጠብ አደረች።

ከዚያስ? ከዚያማ ሁሉም ነገር ተረሳ፤ አያስቅም? እንጨት ከሌላ ቦታ ተገኝቶ ትምህርት ቤቱ አለቀ። ጉርሙ ራሱ ሽማግሌ ሆኖ ገብቶ፣ ሞቱማ ለእድሩ አንድ ሰንጋ አርዶ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ታረቁ። አቶ ወሰኑ ሞቱማን አቅፈው ሳሙት። ልጆቹ በዚያው ትምህርት ቤት ተማሩ፤ አንዷ ራሷ አስተማሪ ሆነች። ሲስቁበት እንኳ ሰማን፤ ያ የዝግባ ነገር እየተባለ። ያልረሱት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሞቱማ ዲንሳን መንገድ ላይ ሲያገኘው አካም ነህ ይለዋል፣ ኮፍያውን ነካ አድርጎ፣ ለማንም እንደሚለው። ከዚህ አልፎ አንድ ቃል የለም፤ ከዚህ ወርዶም አንድ ክፉ የለም።

አሰፋሽም አልተጣላችውም። ብትጣላው በተሻለው ነበር። ልብሱን ታጥባለች፣ ራቱን ታቀርባለች፣ ሲያመው ታስታምማለች። ግን እሱ ጥሩንባውን ከግድግዳው ሲያወርድ ተነስታ ወደ ጓሮ ትወጣለች፣ መልሶ ሲሰቅለው ትገባለች። ልተወው ብሎ ያሰበበት ቀን ብዙ ነው። ቢተወው ለምን ተውከው ይባላል፤ ምን ብሎ ሊመልስ? ደግሞስ ዲንሳ ያለ ጥሩንባ ማነው? ጆንያ ተሸካሚ መጤ ነው። የገዛ ድምፁ ሰው ያሰባስባል፤ እሱን ግን ቤቱ ውስጥ ብቻውን ያስቀምጠዋል። እንዲህ ሆኖ ዓመታት ሄዱ።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው ነገሩን ያነሳችው፤ ልቧ ታሞ ከአምቦ ጤና ጣቢያ በተመለሱ ሰሞን። እሱ ትራሷን እያስተካከለ ነበር።

"የኔ ቀን ሲደርስ ያን ነገር እንዳትነፋብኝ።"

ምነው አሰፋሽ አላለም። እሺ ነው ያለው። እሷም አመሰገነችው፤ ከልቧ ነበር።

በ፲፱፻፷፮ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ልክ ጎህ ሲቀድ፣ አሰፋሽ አረፈች። ዲንሳ ዓይኗን ከደነ፣ ነጠላዋን አለበሳት፣ ከዚያ ቀና ሲል ጥሩንባው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ያ ሁሉ ዘመን የፈራው ነገር አሁን ቤቱ ውስጥ ቆሟል። ካልነፋ ማን ያውቃል? ማን ይመጣል? ጎረቤት ሰምቶ ለአቶ ወሰኑ ነገረ፤ እሳቸውም ልጅ ልከው፣ አልቻለ እንደሆን ሌላ ሰው ይንፋለት አሉ። ዲንሳ አይሆንም አለ። ጋቢውን ደርቦ፣ በትሩን ብቻ ይዞ ወጣ፤ ጥሩንባው ግድግዳው ላይ ቀረ።

መጀመሪያ ወንዙን ተሻገረ። ሞቱማ ደጁ ላይ በግ እያወጣ ነበር። ዲንሳ ያለ ጥሩንባ በዚህ ሰዓት መምጣቱን ሲያይ ገባው፤ የያዘውን ገመድ ለቀቀ። አልተላቀሱም። ሞቱማ ገብቶ ጋቢውን ይዞ ወጣና ወደ እህቱ ሄደ። ዲንሳ ግን ከዚያ ቀጠለ፤ ከማዶው መንደር ጀምሮ እስከ እህል በረንዳው፣ ከመኪናው መንገድ በላይም በታችም፣ በየበሩ እየቆመ እያንኳኳ፣ በዚያ በሰለለ ድምፁ ይናገራል።

"የሞቱማ እህት አርፋለች። ቀብር ውጡ።"

ሚስቴ አላለም። አንዳንዱ ሰው ግራ ገብቶት፣ የትኛዋ እህት፣ አሰፋሽ ናት እንዴ፣ ያንተዋ፣ ይለዋል። ዲንሳ መልሶ ያንኑ ይላል፤ የሞቱማ እህት። ፀሐይ ሲከርር አጥር ይዞ አርፎ ደግሞ ቀጠለ።

ሰው ወጣ። ኧረ እንዴት ያለ ሰው! የአዴ ጉዴን ቀብር ያዩ፣ ይህ ይበልጣል አሉ። ሞቱማ ከፊት ተሸከመ፣ ልጆቹም ከጎንና ከጎን። ሕዝቡ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲዘልቅ ግን ዲንሳ በሩ ላይ ቆመ። ከዚያ ከአጥሩ ውጭ ሄዶ፣ ያ ግራር ሥር፣ በትሩን ተደግፎ ቆመ። ባልየው የት ሄደ ተባለ፤ አዩት። ሰው ደንግጦ ተጣራ፤ ሐዘኑ ራሱን አስቶት ነው ብለው ሊደግፉት የሮጡም ነበሩ። ሞቱማ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሆኖ ወደ አጥሩ ብዙ አየ።

"ተዉት" አለ። "ቦታውን ያውቀዋል።"

ካህኑ ጠየቁ፤ የመጀመሪያውን አፈር ሞቱማ ጣለ። ፍትሐቱ አለቀ፣ ሴቶቹ አለቀሱ፣ ሕዝቡ በደንቡ ወደ ድንኳኑ ሄደ፤ ሞቱማም የለቀስተኛውን እጅ ሊቀበል አብሮ ሄደ። ዲንሳ ማንም እንደሌለ ሲያይ ገባ። ተንበርክኮ አፈር በእጁ ዘገነ። ያን ሁሉ ሕዝብ በእግሩ ዞሮ ጠርቶ፣ ሚስቱን ብቻውን ቀበረ።